መካሪዎቹ

ባለፈው ሳምንት የተማርኩበት ኮሌጅ ሴት ተማሪዎች ማኅበር አባላት የሆኑ ሁለት ልጆች እዚህ መካነ ሰላም ሱቄ ድረስ መጡ። ከማኅበሩ የቀድሞ አባላት መካከል የተመረቀችና በነፃ የምታማክራቸው ሴት ይፈልጋሉ። አንደኛዋ አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ "ጋሼን አስፈቅደናል፤ እርስዎ ብቻ እሺ ይበሉን" አለችኝ። ጋሼ የምትለው ባለቤቴን ነው። ደሜ ፈላ። ልጆቹ ግን ምን አጠፉ? እኛ በነሱ ዕድሜ ይህን ብልሃት ስላላወቅን የደረሰብንን እኔ ነኝ የማውቀው።

ያኔ ማኅበራችን አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችው። ቀን እናጠናባታለን፤ ማታ ደግሞ ቤት ኪራይ የማይችሉ ልጆች ያድሩባታል። ከወግዲ ገጠር የመጣችው ጓደኛዬ ሉባባም የምታድረው እዚያ ነበር። የኮሌጁ አስተዳደር ታዲያ፣ "የተመረቀች ሴት አማካሪ ካላመጣችሁ ክፍሉን መጋዘን እናደርገዋለን" አለን። የተመረቀች ሴት ከየት ትምጣ? ያሉትም አንዷ አዲስ አበባ፣ ሌላዋ ዐረብ አገር ናቸው። በቅርብ የምትገኘው ማኅበሩን የመሠረተችው ዘይነባ ብቻ ነበረች፤ እሷም አግብታ አቀስታ ትኖራለች።

ወሩ ኅዳር ነበር። እኔና ሉባባ ሚኒባስ ውስጥ ተጣብበን ሄድን። የአቀስታ ውርጭ ጣት ያደነዝዛል። ገበያው ዳር ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ በላን፤ የሉባባ አፍንጫ ቲማቲም መስሎ በሳቅ ገደለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ አብረን አልሳቅንም።

በሩን የከፈተልን የዘይነባ ባል ነው። "ምን እግር ጣላችሁ?" አለ ፈገግ ብሎ።

ሉባባ መንገዱን ሙሉ ስታጠናው የመጣችውን ንግግር ጀመረች፦ "አሰላሙ አለይኩም ጋሼ። ከዘይነባ ጋር የምንመክረው ነገር ነበረን።"

አይ ሞኝነት! በእኛ አገር ሚስት ጓዟን ጠቅልላ አባቷ ቤት ስትገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ማን መከራት?" ተብሎ ነው። የሰውየው ፈገግታ ጠፋ።

"ለካ መካሪ አላት! ሰሞኑን ማን አፏን ፈታው ስል ነበር።"

"ኧረ ወላሂ ጋሼ፣ ለማኅበር ነው!"

"የምን ማኅበር? ማኅበሯ ቤቷ ነው!"

ዘይነባ ከኋላው ብቅ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አብሽሩ እህቶቼ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ" አለችን። በሩ ተዘጋ።

ቅዳሜ መናኸሪያ ተገትረን ዋልን። አልመጣችም። ክፍላችን የተሰባበረ ወንበር ታጨቀበት። ሉባባ ትምህርቷን አቋርጣ አገሯ ገባች፤ በዚያው ዓመት ዳሯት። ለእሷ እስከ ዛሬ አንጀቴ ያርራል። ዘይነባን ከዓመታት በኋላ ገበያ አገኘኋት። "ያን ቅዳሜ ጫማዬን አድርጌ ነበር" አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት ሱቄ የመጡትን ልጆች እሺ አልኳቸው። የዚያኑ ዕለት ማታ ባለቤቴ እራት ላይ፣ "ፈቀድኩልሽ እኮ!" አለኝ ደስ ብሎት። ክፉ ሰው አይደለም። እንዳመሰግነው ዐይን ዐይኔን ያየኛል።

እስካሁን አላመሰገንኩትም።