ድሬ ላይ እስከ አስር መቁጠር

ማለዳ፣ ለቡ ባቡር ጣቢያ

ድሬዳዋ የሄድኩት ልቡ በድንገት የቆመ ሰው ሐኪም ቤት እስኪደርስ ምን ሊደረግለት እንደሚችል ላጠና ነው። የድንገተኛ ሕክምና ሐኪም ነኝ፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት ልባቸውና ትንፋሻቸው ባስቸገራቸው ሰዎች ራስጌ ቆሜ ነው። ብዙዎቹ እኛ ጋ የሚደርሱት ግን ካለቀላቸው በኋላ ነው። ድሬ ላይ በሽተኛን ቀድሞ የሚያነሳው ባጃጅ ስለሆነ፣ ሾፌሮቹ ደረት መጫንና ትንፋሽ መስጠት ተምረው በደንብ ይሠሩት እንደሆነ ለማየት ፈለግሁ።

ፈታሹ ሻንጣዬን ከፍቶ የልምምድ አሻንጉሊቱን የጎማ ፊት ሲያይ ወደኋላ አለ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"በሽተኛዬ ነው።"

ሳይስቅ መልሶ ዘጋው።

አዳማን ካለፍን በኋላ ሜዳው እየሰፋ፣ ግራሩ እየሳሳ ሄደ። አዋሽ ስንደርስ ሹራቤን አወለቅሁ፤ ሚኤሶ ላይ ፍየሎቹን እያየሁ ነጠላዬን አጣጠፍኩ። ድሬ ስገባ ሙቀቱ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፤ የሚወልቅ ግን አልቀረኝም።

ድሬ፣ ከምሳ በኋላ

የአዲስ አበባ ሰው አይደለሁ፣ በማግስቱ የመጀመሪያውን ስልጠና ከምሳ በኋላ አደረግሁት። አዳራሹ ውስጥ የተገኘነው እኔ፣ አሻንጉሊቱና አብዲ የሚባል አንድ ሾፌር ብቻ ነበርን።

"አቦ፣ በዚህ ሰዓት ማን ይመጣል?" አለኝ። "ሰው ጥላውንም ጫቱንም ይዟል። ነገ በጠዋት አድርጊው።"

"አንቺ" መባሉ መጀመሪያ ጆሮዬን ቆርቆር አደረገው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም እንደማይሠራ ይነገረኝ ነበር፤ ማታ ላይ ግን እንዲያውም ወደድኩት።

"አንተስ ለምን መጣህ?"

የባጃጁን ቁልፍ አገላበጠ። "አባቴ ባጃጄ ውስጥ ነው የሞተው። ሐኪም ቤት ሳንደርስ። አሁን ደግሞ እናቴን ልቧ ደክሟል አሏት፤ ትራስ ደራርባ ተቀምጣ ነው የምታድረው። ድጋሚ እጄን አጣጥፌ ማየት አልፈልግም።"

በማግስቱ ጠዋት

ከአብዲ ጋር ፉል በልተን ስንገባ አዳራሹ ሞልቶ ጠበቀን። ሥራው ለሁለት ነው፤ አንዱ ጮክ ብሎ እስከ ሠላሳ እየቆጠረ ደረት በፍጥነት ይጫናል፣ ሁለተኛው ከዚያ በኋላ አፍና አፍንጫ ላይ የሚደፋውን የአየር ከረጢት ሁለት ጊዜ ይጨምቃል። አብዲ እስከ አስር ጥሩ ሄደ። "አስራ አንድ፣ አስራ ሁለት" ሲል ግን እጁ ምላሱን መጠበቅ ጀመረ፤ ሃያዎቹ ላይ ሲደርስ ሊጥ የሚያቦካ ነበር የሚመስለው። ላሳየው ብዬ እኔም ሞከርኩ፤ እኔም ዘገየሁ። ቁጥሮቹ ረዣዥም ናቸውና።

"በቃ፣ እስከ አስር ቁጠርና ሦስት ጊዜ ድገመው" አልኩት።

ተንበረከከ። ላብ ሲያጠምቀው አማርኛውን ረሳው። "ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር..." ፍጥነቱ ልክ እኔ የምፈልገው ሆነ። እኔ ግን አስቆምኩት፤ ከረጢቱን የያዘው ጓደኛው ሙክታር ሶማሊ ነው።

"በኦሮምኛ ከቆጠርክ ሙክታር ግራ ይገባዋል።"

ሙክታር ሳቀ። "ወላሂ፣ እዚህ ግራ የገባሽ አንቺ ብቻ ነሽ። እኛ በሦስቱም ቋንቋ ነው የምንሰዳደበው።"

ቦታ ሲቀያየሩ እሱ "ኮው፣ ላባ፣ ሰዴህ" እያለ ተጫነ፤ አብዲም ሳይስት አየሩን ሰጠ። ከረጢቱን በየተራ ስንይዝ ያለ ጊዜው የጨመቀ አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። እስኪመሽ ሲስቁብኝ ዋሉ፤ ደስ ብሎኝ አብሬያቸው ሳቅሁ።

በመጨረሻው ቀን፣ ከቀፊራ ገበያ በታች

አብዲ ለምሳ ወደ ቤቱ ወሰደኝ። እናቱ ሐሊማ ትራሶቻቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ትንፋሻቸው አጭር ነው፣ ምላሳቸው ግን አይደለም። ሩዝ በፍየል ሥጋ ከሙዝ ጋር ቀረበ፤ እንደ ድሬ ሰው ሙዙን ከሩዙ ጋር መብላት ሲገባኝ ለመጨረሻ አስቀምጬው ታዘቡኝ።

"ልጄን ደረቴን እንዲሰብር አስተማርሽው አሉ" አሉኝ።

"የጎድን አጥንት ይጠገናል፣ እናቴ።"

አብዲ እጁን ከሩዙ ላይ አነሳ። "ዶክተር፣ እውነቱን ንገሪኝ። ልቧ ቢቆምና ሁሉንም በትክክል ባደርግ ትነሳለች?"

ይህን ጥያቄ ፈርቼው ነበር። "ምንም ካላደረግክ አይነሱም" አልኩት። "ካደረግክ ሊነሱ ይችላሉ። ብዙ ጊዜ ግን አይነሱም።"

ሐሊማ ሳህኑን ወደ እሱ ገፉት።

"አብዲ፣ ስማኝ። ከተነሳሁ አልሐምዱሊላህ። ካልተነሳሁም አንተ አልገደልከኝም። አባትህንም አንተ አልገደልከውም። አሁን ብላ።"

ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ቆይቶ ግን እጁን ወደ ሩዙ ሰደደ። እኔም ሚጥሚጣው ነው ብዬ ዐይኔን ጠረግሁ።

አዲስ አበባ

ቤቴ ስገባ እህቴ "ተሳካልሽ?" አለችኝ። ተሳክቶልኛል፤ ሾፌሮቹ ከብዙ የሕክምና ተማሪዎቼ በተሻለ ይጫናሉ። ስንት ዓመት ሙሉ ግን እጅ የት እንደሚቀመጥ ሳስተምር፣ ሰውየው ሳይነሳ ሲቀር ያ እጅ ምን ይዞ ቤቱ እንደሚገባ አንድም ቀን አላነሳሁም።

ስለዚህ ስልጠናው ላይ አንድ ሰዓት ጨመርኩ። በዚያ ሰዓት ማንም ምንም አይጫንም፤ ተቀምጠን ስላልተነሱት እናወራለን። የምጀምረውም "አንተ አልገደልከውም" ብዬ ነው።