የጋሽ ሚሊ ግራ እግር

ልብስ ሰፊውን ሠፈሩ የሚያውቀው «ጋሽ ሚሊ» በሚለው ቅጽል ነው። ሚሊ ማለት ሚሊሜትር ነው። አንድ ሙሽራ የሠርጉን ሱሪ ለክቶ «ልክ ነው፣ ልሂድበት» ሲለው፣ «አንዱ እግር በአንድ ሚሊሜትር ይረዝማል፣ እንዲህ አድርጌ አልሰድህም» ብሎ ሱሪውን ካላስወለቅኩ ሲል ሰው አየው። ስሙ የዚያን ቀን ወጣለት።

ሃምሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር። ሠላሳውን ዓመት ስፌት መኪና ላይ አጎንብሶ ስላሳለፈ ትከሻው ወደ ፊት ታጥፏል፤ ከወንበር ሲነሳ መጀመሪያ ወገቡን ይዞ፣ ቀጥሎ እግዜርን ጠርቶ ነው። ካራቴ ውስጥ የገባውም በሱሪ ሰበብ ነው። ከሱቁ ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ድሮ የሶፋ መሸጫ በነበረው አዳራሽ፣ አንድ ወጣት አሰልጣኝ ካራቴ ያስተምራል። እሱ ስምንት ነጭ ሱሪ ይዞ መጣና «ጋሼ፣ እነዚህን ያሳጥሩልኝ» አለው። ጋሽ ሚሊ ደግሞ የለባሹ እግር ምን ያህል እንደሚከፈት ሳያይ ጨርቅ አይነካም። ፎቁን ወጥቶ ልምምዱን አየ። ሱሪዎቹን ሊያስረክብ ሲመለስ ወገቡን እያሸ፣ «ለእንደኔ ዓይነቱም ይሆናል?» ብሎ ጠየቀ። በማግስቱ ተመዘገበ።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ደህና ነበሩ። ወገቡ ቀለል አለው፣ ደረጃ ሲወጣ ማለክለኩን ተወ። ነገር የተበላሸው አሰልጣኙ «ከስድስት ሳምንት በኋላ ፈተና አለ፤ ያለፈ ከነጭ ወደ ቢጫ ቀበቶ ይሸጋገራል» ብሎ የተናገረ ዕለት ነው።

ፈተናው ካታ አለበት። ካታ ማለት ከሌለ ጠላት ጋር፣ በተወሰነ ቅደም ተከተል፣ እየዞሩ መከላከልና መምታት ነው። የጀማሪው ካታ ሃያ እርምጃ አለው። ጋሽ ሚሊ ዐሥሩን አልጋ በአልጋ ይሄድበታል። ዐሥራ አንደኛው ላይ በግራ እግር ወደ ኋላ መዞር ሲመጣ፣ ቀኙ ቀድሞ ይነሳል። ሁሉም ወደ መስኮቱ ሲያዩ እሱ ብቻውን ግድግዳው ላይ አፍጥጦ ይገኛል።

«ግራ!» ይላል አሰልጣኙ።

«ግራ ገብቷቸው ነው እኮ» ትላለች አብራው የጀመረችው የፋርማሲዋ ሴት። አዳራሹ ይስቃል። ጋሽ ሚሊም ይስቃል፤ ውስጡ ግን ያራል።

ምክንያቱን ያውቀዋል። የስፌት መኪናውን ፔዳል የሚረግጠው ቀኝ እግሩ ነው። ቀኙ ሠላሳ ዓመት ሲታዘዝ ኖሯል፤ ግራው ከወንበሩ ሥር ተቀምጦ ሲያይ። አሁን ተነስ ቢሉት ከየት ይምጣ?

ከግራ እግሩ በላይ የሚያበግነው ግን የአሰልጣኙ ትሕትና ነበር። ልጁ ሌላው ላይ «ጉልበትህን እጠፍ! ዝቅ በል!» እያለ ይጮሃል። ጋሽ ሚሊ ጋ ሲደርስ ድምፁን ያለሰልስና፣ ወንበር እንደሚያቀርብ አስተናጋጅ ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ከተመቸዎት ትንሽ ዝቅ ቢሉልኝ» ይላል። አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ጋሽ ሚሊ ደረጃው ላይ ያዘው።

«ስማኝማ። እኔን አንተ በለኝ።»

«እንዴ! እንዴት ተደርጎ ጋሼ? አባቴን እኮ ይበልጣሉ።»

«አባትህን ተዋቸው። እዚህ ውስጥ ነጭ ቀበቶ ነኝ። እንደ ሰዉ ጩህብኝ።»

«አፌ እሺ አይለኝም።»

«አፍህን አስተምረው! እኔስ እግሬን እያስተማርኩ አይደል?»

ልጁ በማግስቱ ሞከረ። «ጋሼ፣ ዝቅ በል... በሉ... ይበሉ!» አለና ራሱ ቀላ። ከዚያ በኋላ ጭራሽ ዝም አለው፤ ሲሳሳት እያየ ያልፈዋል። ያ ደግሞ ከሁሉም ባሰ።

ቤት ውስጥ የምታስጠናው ባለቤቱ ናት። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለሆነች ሃያውን እርምጃ በቁጥር ጽፋ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጣ እንደ ፍርድ ውሳኔ ታነብለታለች። እሱ ጠረጴዛውን ወደ ጥግ ገፍቶ በካልሲ ይቆማል።

«ዐሥራ አንድ። ግራ እግር፣ ወደ ኋላ ዞር።»

ዞረ።

«ግራ አልኩህ።»

«ግራ ነው የሄድኩት!»

«ቀለበት ያደረግክበት እጅ በየት በኩል ነው?»

እጁን አየ። ቀጥሎ እግሩን አየ። «አንቺ ቶሎ ቶሎ እያነበብሽ ነው የምታደናግሪኝ» ብሎ ወደ መኝታ ቤት ገባ።

ለሚያገኘው ሁሉ ችግሩን ሲያወራ፣ የሚያገኘው ሁሉ ደግሞ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለዋል። ባለ ሱቁ አለው፣ ፖስተኛው አለው፣ አማቱ በስልክ አሉት። «ይሄ እንቁላል» አለ አንድ ቀን ቆሽቱ አሮ፣ «በየትኛው እግሩ እንደሚጀምር የሚነግረኝ ሰው ጠፋ!»

ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሱቁ ወለል ላይ በጠመኔ የእግር ምልክት ሥሎ ሥራ በበረደ ቁጥር ይለማመድ ጀመር። ዚፕ ልታስቀይር የመጣች አንዲት ወይዘሮ በሩን ስትከፍት ጡጫውን አገጯ አጠገብ አገኘችው። «ቆይቼ ልመለስ?» አለች፤ አልተመለሰችም።

የዚያኑ ሳምንት ለአንድ የባንክ ሠራተኛ ኮት ይቆርጥ ነበር። መቀሱ ጨርቁ ላይ ነው፣ ልቡ ግን «ዘጠኝ፣ ዐሥር፣ ዐሥራ አንድ» እያለ ይቆጥራል። እጅጌዎቹን ሊገጥም ሲያነሳ ሁለቱም ግራ ናቸው። ገለበጣቸው፣ መልሶ ገለበጣቸው። ግራ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ስህተት በእጁ አልፎ አያውቅም። እግሩ እንቢ ያለውን ግራ፣ እጁ በማይፈለግበት ቦታ ሁለት አድርጎ ሠራለት! ጨርቁን ከኪሱ ተካና ቤቱ ሄዶ ለሚስቱ ነገራት። እሷ ላለመሳቅ አፏን በእጇ ያዘች፤ አልቻለችም።

«ይቅርብኝ» አለ። «በቃኝ። መጫወቻ ሆንኩ።»

«ቅር» አለችው እንባዋን እየጠረገች። «ሃያውንም በቃሌ ይዤዋለሁ። እኔ ሄጄ እፈተናለሁ።»

አልቀረም። እሑድ ጠዋት አዳራሹ በተፈታኝ ሞላ። ከሌላ ከተማ የመጡት ፈታኝ ስድሳ ያለፋቸው፣ አጭር፣ ጸጉራቸው የነጣ ሴት ነበሩ። ጥቁሩ ቀበቶአቸው ከማርጀቱ የተነሳ ጫፉ ተተልትሏል። ጋሽ ሚሊ የቀበቶውን ጫፍ ሲያይ እጁን በላው፤ ቢሰጡት በአምስት ደቂቃ ያስተካክለው ነበር።

«አንተ፣ ሦስተኛው። ቁም። ጀምር።»

ጀመረ። ዐሥሩ ሄደለት። ዐሥራ አንደኛው ላይ ቆመ። ግራ፣ ግራ፣ ግራ ብሎ አሰበ፤ ቀኙ ተነሳ። ግድግዳውን አየ።

«እንደገና ከመጀመሪያው» አሉ ሴትዮዋ።

በሁለተኛው ሙከራ ግራ እግሩ ወጣ! እውነት ወጣ። ከዚህ የተነሳ በጣም ገርሞት የሚቀጥለውን ረሳ። እጁ እዚህና እዚያ ሲል ቆይቶ የካታውን መዝጊያ ጩኸት ጮኸና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

«ስንት እርምጃ ነው?» ብለው ጠየቁት።

«ሃያ።»

«ዐሥራ ሰባት ሠራህ። ተቀመጥ።»

የፋርማሲዋ ሴት አለፈች። እሱ ወደቀ። ከደረጃው ሲወርድ አሰልጣኙ እየሮጠ ደረሰበትና፣ «ጋሼ፣ ለምኛቸው ነበር እኮ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ያሳልፏቸው ብዬ...» አለ።

የዚያን ጊዜ ደሙ ፈላ። «ማን ለምንልኝ አለህ? ምጽዋት ፈልጌ ነው ስድስት ሳምንት የተሰቃየሁት? አንተ ብትጮህብኝ ኖሮ ይሄኔ አልፌ ነበር! ፈርተኸኝ እንጂ አክብረኸኝ አይደለም!»

ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። ተመልሶ ወደ ላይ ወጣ።

ጋሽ ሚሊ ሦስት ቀን ማንንም በደህና አላናገረም። ካውያውን ጨርቁ ላይ ሲያሳርፍ የሚቀጣው ይመስል ነበር። ለባለቤቱም «ያቺን የካራቴ ልብስ ቦርሳ ከዓይኔ አርቂልኝ» አላት። በአራተኛው ቀን ግን ወገቡ እንደ ድሮው ያዘው። ከወንበሩ ለመነሳት ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሲያቅተው ኩራቱን ዋጠና ቦርሳውን ፈልጎ ፎቁን ወጣ።

አሰልጣኙ ገና እንደተቀየመው ነበር። ሰላምታውን በአንገቱ ብቻ መለሰ። ካታው ዐሥራ አንድ ሲደርስ የጋሽ ሚሊ ቀኝ እግር ተነሳ።

«ግራ! ግራ እግርህን አልኩህ እኮ! መቶ ጊዜ ልንገርህ? ከመጀመሪያው ጀምር!»

ልጁ ራሱ ደነገጠ። ጋሽ ሚሊ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ሲሳሳት ተጮኸበት፤ ደግሞ ጀመረ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ እስኪገባ ሰባት ጊዜ አስደገመው። በሰባተኛው ወደ መስኮቱ ዞረ።

የሚቀጥለው ፈተና የመጣው ከሦስት ወር በኋላ ነው። እንደ ልቡ ሄደለት የሚል ካለ አትመኑት። ትከሻው እንደ ጎበጠ ነው፣ ጡጫው ይዘገያል፣ አንዱ መዞሪያ ላይ ተንገዳግዶ ለጥቂት ተረፈ። ሃያውን ግን ጨረሰ። ወረቀቱ ላይ «በቂ» ተብሎ ተጻፈለት። ቢጫው ቀበቶ አዲስ ስለሆነ እንጨት ያህል ደርቋል፤ ቢያስረው ይፈታል፣ ቢያጠብቀው ትንፋሽ ያሳጥረዋል። የቀበቶ ፋብሪካውን እየረገመ ደረጃውን ወረደ።

ማክሰኞ ለልምምድ ሲመለስ አሰልጣኙ ሁለተኛውን ካታ ጀመረላቸው። ጋሽ ሚሊ ከኋላ ቆሞ አንድ ጊዜ ተመለከተው። እርግጫ አለው፤ ያውም በአንድ እግር ቆሞ።

«ይሄን ያወጣው ሰው» አለ ለፋርማሲዋ ሴት በሹክሹክታ፣ «ሥራ ፈት መሆን አለበት።»

እሷ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ቀበቶውን እንደገና አስሮ ቦታውን ያዘ።