የንብ አናቢዎቹ ስም ዝርዝር

ፖሊሶች ሮቤ ከሚገኘው ቢሮዬ የወሰዱኝ በጠዋት ነው። የታሰርኩበት ክፍል ጠባብ ነበር፤ የሲሚንቶው ወለል ረጥቧል፤ ብርሃን የሚገባው ከበሩ ሥር ብቻ ነው። የጊኒር ሰው የሆኑ አንድ አዛውንት የከብት ነጋዴ ጋቢያቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁልኝ።

"ምን አድርገህ ነው፣ ኢልመ ኮ?" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

"እኔም አላወቅሁም፣ አባቴ።"

ሥራዬ ማር አቀነባባሪዎች የኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት እንዲያገኙ ማገዝ ነበር። ጎባ ያለ አንድ ድርጅት ማሩን ውጭ አገር ለመሸጥ ፈልጎ ቀጠረኝ። ምስክር ወረቀቱን የሚሰጡት ሰዎች እያንዳንዱ ቀፎ የት እንደተሰቀለ፣ የማን እንደሆነ፣ በአቅራቢያው የፀረ ተባይ መድኃኒት ይረጭ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከድርጅቱ ባለቤት ጋር ጫካውን በእግር ዞረን ካርታ ሠራን፤ የአናቢዎቹን ስምና ስልክ መዘገብን። ባለቤቱን ጋሼ እላቸው ነበር፤ እሳቸው ልጄ ይሉኝ ነበር።

በታሰርኩ በሦስተኛው ቀን መርማሪው ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

"ጫካ ላሉት ታጣቂዎች የሣልክላቸው ይሄን ነው?"

"የቀፎ ቦታ ነው። ባለቤቱን ጠይቋቸው፤ አብረውኝ ነበሩ።"

"እሳቸው ናቸው ያመጡልን" አለና አንድ ደብዳቤ ገፋልኝ።

ካርታ እንዳላዘዙ፣ ጫካ ለጫካ ምን እንደምፈልግ እንደማያውቁ ይላል። ፊርማቸውን ለየሁት። ቀኑንም አየሁት፤ ከመያዜ አንድ ቀን በፊት የተጻፈ ነው። በዚያን ቀን ምሳ አብረን በልተናል።

መርማሪው የአናቢዎቹን ዝርዝር አወጣ። "ለታጣቂ ስንቅ ያቀብላሉ ብለህ ከሥሩ ፈርም። ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።"

እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። ቀስ ብዬ፣ በሚነበብ ጽሕፈት፣ "እነዚህ ሰዎች ንብ አናቢዎች ናቸው" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ወደ ክፍሉ መለሱኝ።

"ፈረምክ?" አሉ አዛውንቱ።

"ፈረምኩ፣ እውነቱን ጽፌ።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉና ከዳቧቸው ቆርሰው ሰጡኝ።

ከወራት በኋላ ያለ ክስ ተፈታሁ። ድርጅቱ ባለቤቱ አላዘዝኩም ብለው በካዱት በዚያው ካርታ ምስክር ወረቀቱን አግኝቶ ቆየኝ። አንድ ቀን ከባለቤቱ ጋር ጎባ ለቅሶ ቤት ተገናኘን።

"ፈርቼ ነው፣ ልጄ" አሉኝ።

"ይገባኛል" አልኳቸው። ጋሼ ማለት ግን አልቻልኩም።

ዛሬም ሥራዬ ያው ነው። ቅጹን ከመሙላቴ በፊት ግን ገበሬውን እጠይቃለሁ፦ "ስምዎ ወረቀት ላይ ከሰፈረ ማን እጅ እንደሚገባ አላውቅም። ልጻፈው?" አንዳንዱ ይስቅብኛል። አንዳንዱ ዝም ይላል። ዝም ያለውን አልጽፍም።