ስለ አንጓች የመጡ ሽማግሌዎች

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን የወንድሜ ልጅ ሰላማዊት ከደብረ ኤልያስ መጥታ ብቸና እኔ ቤት ሰነበተች። አዋላጅ ነርስ ናት። የሙያ ፈቃዷን ለማሳደስ በየጊዜው ትምህርት መውሰድ ግዴታ ስለሆነባት፣ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ስልኳ ላይ አፍጥጣለች። እኔ አጠገቧ ድንች እልጣለሁ። ድንገት ስልኩን ጭኗ ላይ ጣል አደረገችና፣

«ይቺ አንጓች የምትባል ሴት ደግሞ ልትገድለኝ ነው!» አለች።

«አንጓች ማናት?» አልኳት፤ ቢላዋው እጄ ላይ ቆመ።

«የጥያቄ በሽተኛ ናት አክስቴ። ከግንደወይን አካባቢ በቃሬዛ አምጥተዋታል፤ ወልዳ ደም እየፈሰሳት ነው። የምመርጠው ሁሉ ስህተት ነው ይለኛል።»

ሳቄ መጣ። አንጓችን የወለድኳት እኔ ነኝ። ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ዛሬም ሃያ ስምንቷ ነው፤ ያረጀሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከእኔ ወረቀት ወጥታ እንዴት ሰላማዊት ስልክ ውስጥ እንደገባች አላውቅም። የሥልጠና ጽሑፍ እንደ እርሾ ነው፤ ከቤት ቤት ይዞራል፣ መጀመሪያ ከማን ቤት እንደወጣ የሚጠይቅ የለም።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። እኔ ብቸና ጤና ጣቢያ ውስጥ ወጣት ነርስ ነበርኩ። በየገጠሩ ክሊኒክ የሚሠሩት ጤና ረዳቶች አንድ ጊዜ ሠልጥነው ከወጡ በኋላ አዲስ ነገር የሚነግራቸው ሰው አልነበረም። ከላይ የሚላከው መመሪያ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። እኔ ያንን እያነበብኩ ጠዋት ጠዋት ለባልደረቦቼ በአማርኛ አወራላቸው ነበር። ወሬው የዞኑ የሥልጠና ኃላፊ አቶ ደረጀ ጆሮ ደረሰና አስጠሩኝ። ከወሊድ በኋላ ስለሚመጣ ደም መፍሰስ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ለጤና ረዳቶች እንድጽፍና ሞጣ ላይ እንድሞክራት አዘዙኝ።

«ከሠራች ሌሎቹንም አንቺ ትጽፊያለሽ። ካልሠራች ወደ ዋርድሽ ትመለሻለሽ» አሉኝ፤ በቁጣ ሳይሆን እንደ ተራ ነገር።

እውነቱን ልናገር፣ ያንን ሥራ ክፉኛ ፈለግሁት። ዋርዱን ጠልቼ አይደለም። አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ተማሪዎቻቸው አጥር ሥር ተቀምጠው ሲሟገቱ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። «ያልተሟገቱበት ትምህርት ሲነጋ የለም» ይሉ ነበር። እኔም ሰው የሚሟገትበት ነገር መጻፍ አማረኝ። ስለዚህ እንደ ደንቡ በትርጉምና በመንስኤ አልጀመርኩም፤ በበሽተኛ ጀመርኩ።

በሽተኛዋን ያገኘኋት መንገድ ላይ ነው። ጥቅምት ነበር። ክረምቱ የቦረቦረው የኮረት መንገድ አውቶቡሱን እንደ ወንፊት ይነቀንቀዋል። ግንደወይን ስንቆም ሴቶች የባቄላ እሸት ይዘው በመስኮት ከበቡን። አንዷ ፍንጭት ናት፤ ከሾፌሩ ጋር ስትከራከር ሳቋ ከሞተሩ ድምፅ በላይ ይሰማል። እሸቱን እየፈለፈልኩ ሞጣ እስክደርስ እሷን አሰብኩ። ለበሽተኛዬ መልኳንና ሳቋን ሰጠኋት፤ ስሟን አንጓች አልኩት።

መጨረሻዋን ግን ያመጣሁት ከሌላ ቦታ ነው፤ እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ሞጣ ላይ በተዋስነው አዳራሽ የተሰበሰቡት ጤና ረዳቶች አብዛኞቹ በዕድሜ ይበልጡኝ ነበር። ከሁሉም የሚበልጡት ጋሼ ሙሉነህ፣ ከሞጣ የአንድ ቀን መንገድ የሚርቅ ክሊኒክ ብቻቸውን ይዘው የኖሩ፣ ከዘራቸውን ከእጃቸው የማይለዩ ሰው ናቸው። ታሪኩን ደረጃ በደረጃ አነበብኩላቸው። አንጓች እቤቷ ወለደች፤ ልጁም የእንግዴ ልጁም በሰላም ወጣ፤ ደሙ ግን አልቆም አለ። ጎረቤት ተጠራርቶ ቃሬዛ አነሣ። ክሊኒክ ስትደርስ ምን ታደርጋላችሁ? አዳራሹ ተናወጠ። አንዱ ተነሥቶ ይናገራል፣ ሌላው «ተው እባክህ!» ይለዋል። አባቴ ቢያዩ ደስ ይላቸው ነበር።

ከዚያ መጨረሻውን አነበብኩ። የክሊኒኩ ሠራተኛ ወደ ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ጽፎ ሸኛት፤ አንጓች መንገድ ላይ ሞተች።

አንዱ ቆቡን አወለቀ። ከኋላ አንድ ድምፅ፣ «ሲስተር፣ ይቺ ሴት ምን በደለችሽ?» ሲል ሰማሁ። ምሳ ላይ ሽሮው ሳይነካ ተመለሰ። እኔ ሞኟ ሐዘናቸውን አይቼ ትምህርቱ ገባቸው ብዬ ኮራሁ።

አመሻሽ ላይ ያረፍኩበት ሆቴል ግቢ ተቀምጬ ልብሴን ስሰፋ፣ ሦስት ሰዎች ጋቢ ደርበው ገቡ። ፊት ፊት ጋሼ ሙሉነህ ናቸው። የሆቴሉ ባለቤት እማማ ጥሩነሽ ወንበር ሊያቀርቡ ተነሡ።

«አንቀመጥም እመቤት። ለሽምግልና ነው የመጣን። ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም፣ አንቀምስም» አሉ ጋሼ ሙሉነህ።

እማማ ጥሩነሽ እኔን አዩ፣ ሰዎቹን አዩ። «ወይ ጉድ! ወላጅ ብቸና ተቀምጦ ሽማግሌ ለልጅቱ ለራሷ? ይሁን እንግዲህ፣ ዘመኑ ነው!» ብለው ጠላ ሊቀዱ ወደ ጓዳ ገቡ።

እኔም ደንግጬ፣ ከሠልጣኞቹ የትኛው ይሆን ብዬ ሳሰላ፣ ጋሼ ሙሉነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የመጣነው ስለ አንጓች ነው።»

ሳቅሁ። እነሱ ግን አልሳቁም።

«ሞታለች እኮ ጋሼ» አልኳቸው።

«አንቺ ነሽ የገደልሻት። በገደልሽበት እጅ መልሻት።»

ያኔ ተናደድሁ። ስፌቱን አስቀምጬ ተነሣሁ። ያላነበብኩላቸውን ነገርኳቸው። ብቸና እኔ ተረኛ በሆንኩበት ቀን በቃሬዛ የመጣች አንዲት ሴት ነበረች። ተሸካሚዎቹ ላባቸው ሳይደርቅ እጄ ላይ ሕይወቷ አለፈ። የነጠላዋ ጫፍ ላይ የሪፈር ወረቀት ተቋጥሯል። ስፈታው አንዲት ጠብታ ደም አልነካውም፤ ጽሕፈቱም ያምራል። ክንዷ ላይ ግን መርፌ የገባበት ምልክት አልነበረም። ግሉኮስ የለ፣ ማህፀን የሚያኮማትር መርፌ የለ፣ አብሯት የመጣ ባለሙያ የለ።

«እውነቱ ይኼ ነው። እውነቱን ልደብቅላችሁ ወይ?» አልኳቸው።

ሁለቱ ሰዎች መሬት መሬት አዩ። ጋሼ ሙሉነህ ከዘራቸው ላይ ተደገፉ።

«ልጄ፣ እኔም እንዲያ ጽፌ የሸኘኋት አለች» አሉ። «ለምን እንደምንጽፍ ታውቂያለሽ? ፈርተን ነው። እጃችን ላይ እንዳትሞት ነው። ይቺ መጽሐፍሽ አንጓችን ከገደለች የምታስተምረን ፍርሃት ነው። ፍርሃቱንማ መቼ አጣነው? ነገ ሌላዋ ስትመጣ ከዛሬው ይልቅ ቶሎ ጽፈን ቶሎ እንሸኛታለን። ሞቷን አታሳይን። የቱ ጋ ብንይዛት እንደምትተርፍ አሳይን።»

እንባዬ መጣ፤ ልደብቀውም አልሞከርኩም። ያቺን የብቸናዋን ሴት ለመበቀል ስጽፍ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። እሷን መመለስ አይቻልም፤ አንጓችን ግን ይቻል ነበር።

«እሺ፣ ትዳን» አልኩ።

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። እማማ ጥሩነሽ ጠላውን ይዘው ከጓዳ ብቅ ሲሉ «እሺ አለች?» ብለው ጠየቁ። «አለች!» ሲባሉ እልልታቸውን አቀለጡት። ጎረቤት ተሰበሰበ። ከሞጣ እስክወጣ ድረስ ሙሽራው ማን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው አልጠፋም፤ እውነቱን ስነግራቸውም የደበቅኋቸው መሰላቸው።

ጠዋት ከሠልጣኞቹ ቀድሜ አዳራሽ ገብቼ የመጨረሻውን ገጽ ቀደድኩ። ታሪኩን ከቃሬዛው ጀምሬ እንደገና ጻፍኩት። ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ በደረስኩ ቁጥር ሞትን አላመጣሁም፤ «እዚህ ላይ ይቁሙ። ገና ጊዜ አለ» ብዬ ጻፍኩና ወደ ኋላ መለስኳቸው።

አቶ ደረጀ የመጡት በዚያው ቀን ነው። ወረቀቱን አገላብጠው፣ «ትርጉሙ የታለ? መንስኤው የታለ?» ሲሉኝ፣ ወደ ዋርድ መመለሴ ነው አልኩ። አዳራሹ ውስጥ ግን ሙግቱ ጦፏል። «አሁኑኑ ትሂድ!» ይላል አንዱ። «ግሉኮስ ሳትተክልላት? አብረሃት ሳትሄድ?» ይላል ሌላው። አቶ ደረጀ በሩ ላይ ቆመው ያዳምጣሉ። አሁንም አሁንም አፋቸውን ከፈት አድርገው ይተዉታል። በመጨረሻ አላስቻላቸውም።

«ቆዩ እስቲ! የሽንት ፊኛዋን ባዶ ያደረገላት ሰው አለ?» ብለው ጮኹ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም የት እንደገቡ ሲያውቁት አብረው ሳቁ። ሻይ ሰዓት ላይ ጠጋ ብለው፣ «ትርጉሙን መጨረሻ ላይ አስገቢልኝ፤ እኔንም የሚጠይቁኝ አለቆች አሉኝ» አሉ። ዳቦ እየቆረሱ ቀጠሉ፤ «ቀጣዩ የሕፃናት የሳንባ ምች ነው። መቼ ታደርሺልኛለሽ?»

እንጀራዬ እንዲህ ነው የተጀመረው። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጻፍኩ፤ ስለ ሳንባ ምች፣ ስለ ወባ፣ ስለ አራስ ሕፃናት። የኮረቱ መንገድ አስፋልት ሆነ፣ ጤና ረዳት የሚባለው ስም ቀረ፣ ወረቀቱም ስልክ ውስጥ ገባ። ጋሼ ሙሉነህን በሌላ ዓመት ሞጣ ገበያ አገኘኋቸው። ከሰላምታው በፊት፣ «አንዷን አጅቤ አመጣኋት ሲስተር! ግሉኮሱን ከቃሬዛው በላይ ከፍ አድርጌ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቴ» አሉኝ። ተረፈች ወይ ስላቸው በከዘራቸው ወደ ቅቤ ተራ ጠቆሙኝ። ሕፃን ያዘለች ሴት ቆማ ዋጋ ትከራከራለች። ስሟን አልጠየቅሁም፤ ቆሜ ብቻ አየኋት። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ጠግቤ አላውቅም።

በየጽሑፉ ላይ ስሜ ያልሰፈረው አንዳንድ ጊዜ ይቆጨኝ ነበር፤ አልዋሽም። አሁን ግን ድንቼን ይዤ ሰላማዊትን ሳይ ቁጭቱን ፈልጌ አጣሁት። ልጅቱ ፊቷን አጨማዳ አንዱን መልስ ነካች። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ «ወደ ሆስፒታል ትላክ» የሚለውን ነው። ስልኩ ላይ ጽሑፍ ብቅ አለ። እሷም ጮክ ብላ አነበበችው፦ «እዚህ ላይ ይቁሙ። ገና ጊዜ አለ።»

ሰላማዊት ከንፈሯን መጠጠች፤ ወደ ኋላም ተመለሰች። ረዳት ጠራች፣ ማህፀኑን አሸች፣ መርፌውን ወጋች፣ ግሉኮሱን ተከለች፣ ፊኛዋን ባዶ አደረገች። መላክ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም አብራት እየሄደች።

«እሰይ፣ ዳነች!» አለች፤ ስልኩን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ።

«አውቃለሁ» አልኳት። «ሽማግሌ ተልኮላት ነው የዳነችው።»