ሁለት የቀኝ በሬዎች

ከጦርነቱ በፊት እኔና የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ዓይንና ናጫ ነበርን። እኔ መርሳ ላይ የአንድ ቁጠባና ብድር ማኅበር ሠራተኛ ነኝ። እሷ ከገበሬ ማሳ የማትጠፋ፣ ምላሷ የማይተኛ ልጅ ናት። የእኔ ብድር የሚደርሰው ዘሩ ከበቀለ በኋላ ነው እያለች በየስብሰባው ታሳጣኛለች፤ እኔም ምክር ዋስ አይሆነኝም እያልኩ እመልስላታለሁ።

ጦርነቱ መጥቶ ሲሄድ ሁለታችንም የምንኮራበት ነገር አልቀረንም። የእኔ ቢሮ በሩ ተገንጥሎ፣ መዝገቡ ግቢው ውስጥ ተበትኖ ጠበቀኝ። የእሷ የዘር መጋዘን ባዶውን ነበር። የገበሬው ጉድለት ግን ከሁሉም የባሰ ነው፤ የእርሻ በሬው ታርዶ ተበልቷል።

ግንቦት ላይ ባለሙያዋ መጥታ ቢሮዬ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ወንበር አልነበረም። «አባባ መሬታቸውን ለእኩል ሊሰጡ ነው» አለችኝ።

አባባ የምንላቸው ከመርሳ ወጣ ብሎ የሚኖሩ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ሁለቱም በሬዎቻቸው ታርደዋል፤ በሽሽቱም እግራቸው ተጎድቶ ያነክሳሉ። ለእኩል መስጠት ማለት ሌላ ሰው አርሶ የምርቱን ግማሽ ይወስዳል ማለት ነው። ልንጠይቃቸው ስንሄድ ግን ስለ እህሉ አንድም ቃል አልተነፈሱም። «ወላሂ፣ በገዛ ማሳዬ ዳር ቁሜ ሌላ ሰው ሲያርሰው አላይም» አሉኝ።

የማኅበራችን ደንብ ለአንድ ሰው የአንድ በሬ ብድር ብቻ ይፈቅዳል። አንድ በሬ ደግሞ አያርስም። መላውን ያመጣችው ባለሙያዋ ናት። የአባባ ጎረቤት፣ ባሏን በሞት ያጣች ክርስቲያን ሴት፣ እሷም እንደሳቸው በሬ አልባ ሆናለች። ለሁለቱ አንድ አንድ ብንሰጥ፣ አገሩ ሲያደርግ እንደኖረው መቀናጆ ገብተው በሬዎቻቸውን በአንድ ቀንበር ይጠምዳሉ፤ አባባ የሁለቱንም መሬት ያርሳሉ። «ማሳውን እኔ እየተከታተልኩ በፊርማዬ አረጋግጥልሃለሁ» አለች። ምክር ዋስ ሲሆን ያን ቀን አየሁ።

ወዲያው ከወልድያ ተቆጣጣሪያችን ደወለ። ሁኔታው እስኪረጋጋ አዲስ ብድር የለም አለኝ። ደሜ ፈላ። ሁኔታው የሚረጋጋው ሰው ሲያርስ እንጂ እኛ እጃችንን አጣጥፈን ስንቀመጥ ነው እንዴ? «በደብዳቤ ይላኩልኝ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ደብዳቤው ሳይደርስ የሐራ የከብት ገበያ ቀን ደረሰ።

ደንቡ ገንዘቡን ለተበዳሪው እጅ አይሰጥም፤ እኔ ለሻጩ እከፍላለሁ፣ ባለሙያዋ ትመሰክራለች። አባባ በዚያ እግራቸው ያን ሁሉ መንገድ ሐራ መውረድ አልቻሉም። ጥርሱን እዩ፣ ሻኛውን እዩ፣ ሰኮናውን እዩ ብለው ሰደዱን። ሁሉንም አየን። ገበያተኛው ሁሉ የሚያደንቃቸው ሁለት በሬዎች እየነዳን ደረታችንን ነፍተን ተመለስን።

በማግሥቱ ጠዋት ቀንበሩ ተጫነ። አንደኛው ወደ ግራ አልሄድም አለ። ቦታ ቢቀያየሩ ሌላኛውም እንደዚያው። ሁለቱም ቀኙን ይሻሙ ጀመር፤ ቀንበሩ ተጣመመ፣ ሞፈሩ ተንጋደደ። አባባ መሬት ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ልጆቼ፣ ሁለቱም እኮ ቀኝ ናቸው!»

በሬ ከወይፈንነቱ ጀምሮ በአንድ ጎን ተጠምዶ ይለምዳል፤ የቀኙ ወደ ግራ፣ የግራው ወደ ቀኝ በዋዛ አይዞርም። አባባ ይህን ያልነገሩን፣ ይህን የማያውቅ ትልቅ ሰው በምድር ላይ አለ ብለው ስላላሰቡ ነው። እሷ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ፣ እኔ ዕድሜዬን የበሬ ብድር ስፈርም የኖርኩ። ሁለታችንም አፈርን።

እሷ ግን አፍራ የምትቀር አይደለችም። ሁለት ቀኝ ከተረፈን፣ ጓደኛቸው ታርዶባቸው ብቻቸውን የቀሩ ግራዎች የሆነ ቦታ አሉ አለች። ወደ ውርጌሳ መንገድ ቤት ለቤት እየዞርን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅን፤ የቀረው በሬ ቀኝ ነው ግራ? በሦስተኛው ቀን ሁለት ግራ አገኘን። አንዱ ከአባባ በሬ፣ ሌላው ከጎረቤታቸው በሬ ጋር ተቀናጀ። ለሁለት ቤት ያሰብነው ለአራት ቤት ሆነ።

ተቆጣጣሪው ደብዳቤውን ይዞ ራሱ መጣ። ያገኘን አባባ ማሳ ላይ ነው። ብድሩ ታግዷል፣ የተሰጡት በሬዎች ይመለሱ የሚለውን ጮክ ብሎ አነበበልኝ። እኔ አልመልስም አልኩ። ባለሙያዋም «እኔም ፈርሜያለሁ፣ እኔንም ጻፈኝ» አለችው።

አባባ ትልሙን ጨርሰው በሬዎቹን አቆሙ። እያነከሱ መጥተው ሰላምታ ሰጡት፤ ቤተሰቡን ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቁት። ከዚያ ጅራፋቸውን ዘረጉለት።

«እንግዲህ ጌታው፣ እኔ እግሬ እንደምታዩት ነው። ሂዱና አንቱ ፍቷቸው። ቀኙ ይራገጣል።»

ተቆጣጣሪው ጭቃውን አየ፣ ጫማውን አየ። ደብዳቤውን እጄ ላይ አስቀምጦ ወደ መኪናው ተመለሰ። አባባም ወደ እርፋቸው።

ያን ሰሞን ወረቀት አልነበረንም። አንድ በሬ ብቻ የተረፋቸውን ሌሎች ቤቶች ስንመዘግብ የደብዳቤውን ጀርባ በመስመር ለሁለት ከፈልነው፤ ቀኝ፣ ግራ። ጀርባው እስኪሞላ ጻፍንበት።