ባለበቅሎው አብሮ ይሄዳል

ስለ ካሳ ንገሪን ካላችሁ እነግራችኋለሁ፤ ግን ረጋ ብዬ አልነግራችሁም። ረጋ ብዬ ማውራት ከተውኩ ቆየሁ። ካሳ ባሌ ነው፤ እዚህ ሰቆጣ በቅሎ አከራይ ነበር። እኔ ጥሩሐረግ እባላለሁ። ምላሷ ክፉ ነው ይሉኛል፤ ይበሉ።

ካሳ የጋዝጊብላ ልጅ ነው። ጣሊያን በወጣ ሰሞን አባቱ ሞተበትና ከዚያ ጀምሮ የሰው በቅሎ ሲስብ፣ ሲጭን፣ ሲያራግፍ አደገ። የራሱን በቅሎ የገዛው እኔን ካገባ በኋላ ነው። ዳልቻ ናት፣ ቁመቷ ረዘም ያለ፣ ጠባይዋ እንደ ሰው። እኔን ባገባ ዕለት እንኳ እንዲያ አልሳቀም፤ እሷን ይዞ የገባ ቀን ጥርሱ ሳይከደን ዋለ። አልተቀየምኩትም። እኔም ወደድኳት።

በእኛ አገር በቅሎ ስትከራይ ባለበቅሎው አብሮ ይሄዳል። ደንብ ነው። በቅሎዋን ብቻዋን ተቀብሎ ውልቅ የሚል የለም። ባለበቅሎው ልጓሙን ይዞ ከፊት ከፊት ይሄዳል፤ ገደሉን እሱ ያያል፣ የወንዙን ጥልቀት እሱ ይለካል። ተከራዩን ካሰበበት አድርሶ፣ "በሰላም ገቡ?" ብሎ፣ ከዚያ በኋላ ነው ራሱ ኮርቻው ላይ ወጥቶ የሚመለሰው። መንገድ ላይ ተከራዩ አንድ ነገር ቢሆን ነውሩ የባለበቅሎው ነው። ካሳ ለዚህ ደንብ ሟች ነበር። አንዴ የታመሙ ቄስ ወደ ዝቋላ፣ ወደ እኛው ወደ ዋጉ ዝቋላ፣ ሲያደርስ ወንዝ ሞላበትና፣ በቅሎዋ ብትፈራ ቄሱን በጀርባው አዝሎ አሻገራቸው። ሲመለስ ለአንድ ሳምንት ወገቡን ያሸሁት እኔ ነኝ።

ሌላም አመል ነበረው። ቤተ ክርስቲያን ካየ ከበቅሎ ይወርዳል። ሁላችንም እንወርዳለን፣ ወጉ ነው። የካሳ ግን ለብቻው ነው፤ የዛፎቹ ጫፍ ብቅ ሲል እግሩ ራሱ ይወርዳል። ኮርቻ ላይ እንቅልፍ ጥሎት እንኳ ይወርዳል ይላሉ አብረውት የሄዱ። ባርኔጣውን ያወልቃል፣ ያማትባል፣ ይሳለማል፣ ተመልሶ ይወጣል። በቅሎዋም ለምዳው ሳይነግራት ትቆማለች። "በየደብሩ እየወረድክ እንዲያው መቼ ልትደርስ ነው?" እለው ነበር። "ብዘገይ ምን አለ፣ አንቺ የትም አትሄጂ" ይለኛል።

በስልሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ የገና በዓል ሊደርስ ሲል፣ ያ ፈረንጅ መጣ። ስሙን አውቀዋለሁ፤ አልጠራውም፣ አፌን አላቆሽሽበትም። ጣሊያን በጠረገው መንገድ ከኮረም በዶቅዶቄ መጣ። ቀይ ዶቅዶቄ። ድምፁ ገና ከዳገቱ ሲሰማ ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ፣ ዶሮው ሁሉ ተበተነ። ሰውየው ቁምጣ ለብሷል፣ እግሩ ላይ ነጠላ ጫማ፣ ራሱ ላይ ምንም የለ። በዚያ ሁሉ ጠጠር ላይ ገላውን አራቁቶ ነው የመጣው።

እንግሊዝኛ የሚሰማው መምህር ብዙነህ ነበር፣ የትምህርት ቤቱ አስተማሪ። እሱ እያስተረጎመ ሰማን። ፈረንጁ የመጣው ለዕረፍት ነው አለ።

"ዕረፍት ካማረው አገሩ ቁጭ ብሎ አያርፍም?" አልኩ። ሰው ሳቀ።

ዶቅዶቄው ደግሞ የሱ አይደለም። አስመራ ካለ አንድ ጋራዥ የተከራየው ነው፤ በመያዣ ፓስፖርቱን ትቶ። ካሳ ኪራይ የሚል ሲሰማ ፊቱ በራ፤ የሙያ ወንድሙን ያገኘ መስሎታል።

"ታዲያ ባለ ዶቅዶቄው የታለ?" አለ።

"አስመራ ነዋ" አለ ብዙነህ እየሳቀ። "ይኼ በቅሎ አይደለም፣ ባለቤት አይከተለውም።"

ካሳ አልሳቀም። "ንብረቱን ይልቀቅ እሺ፣ ሰውየውን እንዴት በማያውቀው አገር ብቻውን ይለቃል?" አለ። 

ፈረንጁ ውቅር መስቀለ ክርስቶስን፣ ከአለት የተፈለፈለውን ቤተ ክርስቲያናችንን፣ ማየት አማረው። ያኔ የሰቆጣ በቅሎ ሁሉ ለገና ላሊበላ ሄዷል፣ ጎልማሳውም እንደዚያው። የቀረችው የካሳ ዳልቻ ብቻ ነበረች፤ እሱም በማግሥቱ ሊሄድ ሲሰናዳ ነው ይኼ መዓት የመጣው። ያም ሆኖ ካሳ ወስዶ ሊመልሰው ቃል ሰጠ። ጠዋት በቅሎዋን ጭኖ ቢጠብቀው ፈረንጁ አየት አደረጋትና ሳቀ። ቀርፋፋ ናት፣ ና ከኋላዬ ተቀመጥና መንገዱን አሳየኝ አለ በምልክት።

"ተው ካሳ" አልኩት። "ይኼ ነፍስ የለው፣ ቁም ቢሉት አይሰማ።"

"ቃሌን ሰጥቼዋለሁ፤ ብቻውን ልልቀቀው?" አለኝ። "መንገዱን አያውቅም።"

ተቀመጠ። እግሩን ሲያሻግር በቅሎ ላይ እንደሚወጣ ነበር። እኔ በቅሎዋን ይዤ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ካሳ ነው የነገረኝ፣ ያውም ያለ አንዳች ቂም፣ እሱ ነው እኔን የሚያናድደኝ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ ያፏጫል እንጂ አይዝም ነበር። ፈረንጁም አንዴ በእግሩ አንዴ በእጁ ይታገላል። ኩርባውን ሲዞሩ የመስቀለ ክርስቶስ ዛፎች ብቅ አሉ። ካሳ ወረደ። በቃ፣ ወረደ። ባርኔጣውን በአንድ እጁ አውልቆ፣ ቀኝ እግሩን አሻግሮ፣ ዕድሜ ልኩን ከዳልቻ እንደሚወርደው ወረደ። ዶቅዶቄው ግን እንደ ዳልቻ አልቆመለትም። እሱን አሽቀንጥሮ ሲወዛወዝ ተመልሶ ላዩ ላይ ተከመረ። ቅልጥሙ ከመሃሉ ተሰበረና አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጣ፣ የጭሱ ቱቦ ደግሞ ጭኑን ጠበሰው።

ፈረንጁም ወድቋል። ክንዱ ተሰብሯል፣ ያ ራቁት ጉልበቱና ውስጥ እግሩ ተገሽልጧል። ግን ሲነሳ መጀመሪያ ምን አነሳ? ዶቅዶቄውን። በደህና እጁ ጎትቶ አቆመው፣ መብራቱን አየ፣ የተፋቀውን ቀለም በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ፓስፖርቱ በመያዣ ነዋ። ለካሳ የደረሱለት የመስቀለ ክርስቶስ ካህናት ናቸው። በቃሬዛ ተሸክመው ቤቴ አደረሱልኝና ለገና ማሕሌት ተመለሱ፤ እነሱን ምን እላለሁ።

ፈረንጁ ቤቴ ደጃፍ ተቀምጦ ለብዙነህ ይለፈልፋል። "ራሱ ነው የዘለለው ይላል" አለኝ ብዙነህ።

"ቤተ ክርስቲያን ነው እኮ!" አልኩት። "ታዲያ ተቀምጦ ይለፍ? ይኼን በልልኝ።"

ብዙነህ አለለት አላለለት አላውቅም። አንድ ነገር ግን ጠየቅኩት፤ አገሩ ይኼን ሲነዳ ስንት ዘመኑ ነው ብለህ ጠይቅልኝ አልኩት። ጠየቀው። "ምን አለ?" ብለው ዓይኑን ሰበረ። አገሩ ነድቶ አያውቅም፤ የተማረው አስመራ ነው፣ ባለፈው ሳምንት። ፍሬኑም ከአስመራ ጀምሮ ሲያፏጭበት ነበር። በአገሩ የማይደፍረውን እኛ አገር ላይ ሊደፍር መጣ፣ የኔን ባል ከኋላው ጭኖ። ያን ጊዜ ዓይኔ ደም ለበሰ።

ወጌሻው አባ ገብረ ጻድቅ መጡ። የፈረንጁን ክንድ በሸምበቆ አሰሩለት። የካሳን እግር ገልጠው አይተው መልሰው ሸፈኑት። "ይኼ ከእኔ አቅም በላይ ነው" አሉኝ። "ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ካልገባ እግሩን ታጪዋለሽ።"

ሐኪም ቤት ማለት እስከ ኮረም በበቅሎ፣ ከዚያ በመኪና መቀሌ። በቅሎ ደግሞ አንድ። እኔ ወዲያው ኮርቻውን አነሳሁ። ካሳ ከተኛበት ጠራኝ።

"እሱን ውሰጂው" አለኝ።

"ማንን?"

"ተከራዬን። በእጄ የገባ ሰው ነው፣ በእጄ ነው የተሰበረው። አድርሰሽው ተመለሽ።"

"አብደሃል? እጁ ነው የተሰበረው፣ በእግሩ ይሂድ!"

"ውስጥ እግሩ ተልጧል፣ አይራመድም። በመስቀለ ክርስቶስ ይዤሻለሁ፣ ጥሩሐረግ።"

ፈረንጁም በብዙነህ አፍ ቃል ገባ፤ ኮረም እንደደረሰ ለካሳ መኪና ይልካል። ካሳ ይኼን ሲሰማ ፊቱ ዘና አለ። "አየሽ፣ እንዲያውም እኔ በመኪና ልሄድ ነው" አለኝ። ተገዘትኩ፤ ምን አባቴ ላድርግ። ካሳን ለእህቱ ለወለተ ሐና ትቼ፣ ያንን ሰው ባሌ በገዛት በቅሎ ላይ አስቀምጬ፣ ልጓሙን ይዤ ወጣሁ። ባለበቅሎው አብሮ ይሄዳላ።

መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። እሱ ያቃስታል፣ እኔ እጎትታለሁ። ደብር ባለፍን ቁጥር እኔ እሳለማለሁ፣ እሱ ኮርቻው ላይ ሆኖ ለምን ቆምሽ ብሎ ያፈጣል። ኮረም ወደ አስመራ የሚሄድ የጭነት መኪና አገኘ። ከመሳፈሩ በፊት ቅልጥሜን በእጄ መትቼ ወደ ሰቆጣ አመለከትኩት። ራሱን ነቀነቀ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ "አመሰግናለሁ" አለኝ፤ ይቺን ተምሯል። መኪናው ሄደ።

ቤቴ ስደርስ የመጣ መኪና የለም። ካሳ ግን በሩን ክፈቱልኝ እያለ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል። እግሩ ጠቁሯል፣ ሽታው ከደጅ ይቀበላል። "ዛሬ ይመጣል" ይላል። በማግሥቱም "ዛሬ ይመጣል" አለ። ከላሊበላ የተመለሱ ሰዎች እስኪደርሱልኝ ጠብቄ፣ በዚያችው በቅሎ ላይ በሁለት ወገን ደግፈነው በዚያው መንገድ ተመለስን። መቀሌ ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር፣ ደህና ልጅ ነው፣ "እናቴ፣ በዚያው ሰሞን ብታመጪው ይተርፍ ነበር" አለኝ። በዚያው ሰሞን እኔ የት ነበርኩ? የሰው ልጓም ይዤ ነበር።

ስንመለስ ካሳ በቅሎዋ ላይ ነው። የመጀመሪያው ደብር ሲታይ "አውርጂኝ" አለኝ።

"በምን እግርህ?"

"አውርጂኝ ጥሩሐረግ።"

አወረድኩት። ታቅፌው ተሳለመ፣ ታቅፌ መለስኩት። እስከ ሰቆጣ ድረስ በየደብሩ እንዲያ ነበር። እየተሳደብኩ አወርደዋለሁ፣ እያለቀስኩ አወጣዋለሁ።

የከተማው ልጆች ያኔ እየገፉ ያመጡት ዶቅዶቄ ግቢዬ ቀረ። እኔ በገደል ልወረውረው ነበር። ካሳ ዳስ አስጣለለት። "የሰው አደራ ነው" ይላል። በምርኩዙ እየተንፏቀቀ ሄዶ አቧራውን ይጠርጋል፣ ዝገት እንዳይበላው ቅቤ ይቀባዋል፤ ለኔ ራስ የሚሆነውን ቅቤ። ዶሮ ቢሰፍርበት ይጮኻል። የተነቀለውን መስተዋት በኩታ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠው። እኔ በበኩሌ ባለፍኩ ቁጥር እተፋበታለሁ፣ እሱ ይጠርጋል።

ከመስቀል በኋላ ደሞዝ የሚባል ልጅ መጣ፣ ከአስመራ፣ ከዚያ ጋራዥ። ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ከኮረም በእግሩ ነው የመጣው። ካሳ ጋቢውን ጭኑ ላይ ጣል አድርጎ መደቡ ላይ ተቀምጧል። ልጁ እጅ ነሳውና በቀጥታ ወደ ዶቅዶቄው ሄደ። አንድ ባንድ አየው። ጎማውን ተጫነ፣ ሰንሰለቱን ጎተተ፣ ሥሩ ተንበርክኮ ብሎኑን ሁሉ ቆጠረ።

"መስተዋት ይጎድለዋል" አለ።

ካሳ በፈገግታ "ሣጥኑን ክፈቺለት" አለኝ። ልጁ መስተዋቱን ከኩታው ሲያወጣ ተገረመ። "ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ምንም አልጎደለም" አለ።

"ሰውየውስ?" አለ ካሳ። "እጁ ዳነለት?"

"ማ? ፈረንጁ? እኔ እንጃ። ፓስፖርቱን እንኳ ሳይወስድ ነው የሄደው፤ ሌላ አውጥተውለታል አሉ። እኔ የተላክሁት ለዶቅዶቄው ነው።"

ካሳ ራሱን ነቀነቀና ሌላ አልጠየቀም። ልጁ ሊያስነሳው ቢረግጥ ቢረግጥ እምቢ አለው። ላቡን ጠርጎ መጣ። "ጋሼ፣ ፈታትቼ ልጫነውና በቅሎዋን እስከ ኮረም ያከራዩኝ።"

"በቅሎዋ አትከራይም" አልኩ እኔ።

"ምነው እትዬ?"

"በእኛ አገር ባለበቅሎው ካልሄደ በቅሎ አትሄድም።"

"ታዲያ ጋሼ አብረውኝ ይምጡ" አለ፣ ከልቡ።

ሄድኩና ጋቢውን ከካሳ ላይ ገፈፍኩት። ልጁ አየ። የዶቅዶቄውን ብሎን ሁሉ ሲቆጥር ያረፈደ ልጅ ይኼን ገና ያን ጊዜ ማየቱ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ። 

"ጥሩሐረግ፣ ነውር ነው፤ አልብሺኝ" አለ ካሳ።

"ነውሩን እኔ ልሸከመው" አልኩት። "ደንቡን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። አይደለም በለኝና በቅሎዋን ልጫንለት።"

ካሳ ጋቢውን ከእጄ ተቀብሎ ጭኑን ሸፈነ። "ደንብስ ነው" አለ በመጨረሻ።

ልጁ ከተማውን ዞረ። ወሬው ቀድሞታል፤ የጠየቀው ባለበቅሎ ሁሉ "አብሬህ መሄድ አይመቸኝም" አለው። ተመልሶ መጣና ዶቅዶቄውን በእጁ እየገፋ ወጣ። ዳገቱ ሥር ሲደርስ ቆሞ እጀታው ላይ ተደፋ።

"ልጁ ምን አጠፋ፣ ውሃ ስጪው" አለኝ ካሳ።

በቅል ይዤለት ሄድኩ። ጠጣ፣ ቅሉን መለሰልኝ፣ መግፋቱን ቀጠለ። እኔም ቤቴ ገብቼ ለዳልቻ ገብሷን ሰጠኋት።