አባቴና አያ ደረሰ ሊዘምቱ ሲሉ

ሐኪሙ ቦርጬን አይቶ "ጠዋት ጠዋት በሶ ይብሉ" አለኝ። ዱቄቱን ስበጠብጥ ሽታው አፍንጫዬን መታኝና፣ እስቴ ወረዳ ሳለን እናቴ ለአባቴ ስንቅ ያዘጋጀችበት ቀን ፊቴ ድቅን አለ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። አባቴ ከገበያ እየፎከረ መጣ። አብሮት የሚፎክረው ጎረቤታችን አያ ደረሰ ነው፤ በእርሻ ድንበር ሦስት ዓመት የተካሰሱ ሰዎች ተቃቅፈዋል። ገበያ ላይ የሱማሌ ጦር ወሬ በሬዲዮ ተሰምቶ ሰው ሁሉ ሲፎክር፣ እነሱም "እንዘምታለን" ብለው በሕዝብ ፊት ምለዋል። እናቴ እንባዋን እየጠረገች ገብስ ትቆላለች።

"ሱማሌ ምን አደረገን?" አልኩት አባቴን።

"ድንበር ገፋ።"

"እንደ አያ ደረሰ?"

አያ ደረሰ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። አባቴም ጉሮሮውን ጠራርጎ "ያ ሌላ ነው፤ ይሄ የአገር ነው" አለኝ።

ምንም ስላልገባኝ ዱላ ይዤ እኔም ፎከርኩ። ትንሽ ቆይቼ፣ አባቴ ሊሞትብኝ ነው ብዬ አለቀስኩ።

መካነ ኢየሱስ ከተማ ወርደው በአራተኛው ቀን ተመለሱ። "ከሱማሌ ጋር እርቅ ሆኗል፣ ወደ እርሻችሁ ግቡ" ተብለው ነው። በሶውን ለሁለት በልተው ጨርሰውታል።

"ማን አስታረቃቸው?" አለች እናቴ።

"መንግሥታቱ ራሳቸው ናቸዋ" አለ አባቴ።

"ታዲያ እናንተንም እንዲያስታርቁ ለምን አልጠየቃችኋቸውም?"

በሳምንቱ ሁለቱም ችሎት ቆሙ። እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ "ጠላት መጣ" ሲባል ከሁሉ ቀድሜ እጮሃለሁ። ማን እንደመጣ የምጠይቀው ድምፄ ከተዘጋ በኋላ ነው።